በሐዲዱ በኩል የገባችው ሴት

በመጽሐፍ ቅዱስ ላይ እጄን ጭኜ አንድ ጊዜ ዋሽቻለሁ።

ስለዚህ አሁን አልምልላችሁም። የኔ መሐላ የሚያስተማምን አይደለም...

ግን ይህ ነገር ሆኗል። ሰው የነገረኝ አይደለም፣ ያነበብኩትም አይደለም። በእኔ በራሴ ላይ የደረሰ ነው።

ቀኑ ሐሙስ፣ ወሩ ጥቅምት፣ ዓመቱ 1867 ነበር። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ። አስፈሪ ነገር በእኩለ ሌሊት ብቻ ነው የሚሆነው የሚል ሰው ካለ ተሳስቷል። ካፊያ የሚጥልበት፣ ሰዉ ጃንጥላውን ይዞ ወዲህ ወዲያ የሚልበት ተራ ከሰዓት በኋላ ነበር።

ቦታው ከሌድዊክ ወደ ዉስተር የሚሄደው ባቡር። ሦስተኛው ፉርጎ። አንደኛ ማዕረግ።

ሰው የተገደለበት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ነበር።

ማንም አላስገደደኝም። ለምኜ ነው የገባሁት።

ስሜ ዶርካስ ፔሎው ይባላል። ጓንት ሰፊ ነኝ። ባሌ ኢኖክ ደግሞ የባቡር ጠባቂ ነበር። ፊሽካ የሚነፋው፣ ባንዲራ የሚያውለበልበው፣ ከኋላ ባለችው የመጨረሻ ፉርጎ ውስጥ ብቻውን የሚሳፈረው ሰው ማለት ነው። የክፍሎቹን በር የሚቆልፈውም እሱ ነው።

ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ መቆለፍ ነው።

በእኛ ባቡር እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው የተዘጋ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው መተላለፊያ የለም። ሁለት በር አለው፤ አንዱ በመሳፈሪያው በኩል፣ አንዱ በማዶ በሐዲዱ በኩል። ባቡሩ አንዴ ከተነሳ ብትጮሁ የሚሰማችሁ የለም። ስለዚህ ገንዘብ ያለው ሰው ለጠባቂው አንድ ሽልንግ ያስጨብጠውና፣ "ሰው አታስገባብኝ፣ ቆልፍልኝ" ይለዋል። ጠባቂውም ሁለቱንም በር ይቆልፍለታል። ሁሉም የሚያደርገው ነው።

መስከረም ላይ አቶ ቲሊ የሚባሉ የሱፍ ነጋዴ ኢኖክን እንዲሁ አሉት። ቆለፈላቸው። ዉስተር ሲደርስ ሊከፍትላቸው ሄደ።

በገዛ ክራባታቸው ታንቀው፣ እንደተቀመጡ አገኛቸው።

ሁለቱም በር እንደተቆለፈ ነበር። ኩባንያው፣ "ከጠባቂዎቻችን እጅ ውጪ አንድም ቁልፍ የለም" አለ። መርማሪው ኢኖክን፣ "በመንገድ ላይ ሌላ ሰው ሊከፍተው ይችል ነበር?" ብሎ ጠየቀው።

ያ ገራገር ባሌ ምን ቢል ጥሩ ነው?

"በጭራሽ ጌታዬ። እኔ የቆለፍኩትን እኔ ብቻ ነኝ የምከፍተው።"

በሥራው ኩራቱ ነዋ! ማንኛውም ጠባቂ ቢጠየቅ ያንኑ ይል ነበር። በዚያች በአንዲት ቃል ገመዱን በገዛ አንገቱ አጠለቀው።

ችሎቱ ሰኞ ነበር። ጠበቃው ዓይን ዓይኔን ማየት አቁሟል። ኢኖክን ሊሰቅሉብኝ ነው...

እናም ሐሙስ ዕለት ጋሽ ጄቤዝ ጋ ሄድኩ።

ጋሽ ጄቤዝ ክራምፕ ኢኖክን ሥራ ያስለመደው ሽማግሌ ነው። ኢኖክ ሲታሰር ዘጠኝ ከሃያውን ባቡር እሱ ተረከበው።

"ጋሽ ጄቤዝ፣ እዚያ ክፍል አስገባኝ።"

"የትኛው ክፍል?"

"ታውቀዋለህ።"

ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"አንቺ ልጅ፣ ጤና የለሽም እንዴ? ባለፈው ሳምንት ነው እኮ ታጥቦ የተመለሰው። እኛ እንኳ ሳናየው ነው የምናልፈው።"

"አንድ ጊዜ ብቻ። ልክ አቶ ቲሊ እንደተቀመጡት እቀመጣለሁ። ሁለቱንም በር ቆልፍብኝ። ሰው እንዴት አድርጎ እንደሚገባ በዓይኔ ማየት አለብኝ።"

"የማይገባ ከሆነስ?"

"ምን አልከኝ?"

"ማንም የማይገባ ከሆነስ፣ ዶርካስ? ያኔ ምን ልትይ ነው?"

ክው አልኩ።

ጋሽ ጄቤዝም ባሌን ይጠረጥረው ነበር ማለት ነው። ያ አብሮት ሃያ ዓመት የሠራ ሰው!

"ቆልፍብኝ አልኩህ፣" አልኩት። እንባዬ እንዳይቀድመኝ ጥርሴን ነክሼ።

ቆለፈብኝ። መጀመሪያ የማዶውን፣ ቀጥሎ የመሳፈሪያውን። ሁለቱንም እጀታ ራሴ ይዤ ሞከርኩ። ንቅንቅ አይሉም።

ኩባንያው ከግድያው በኋላ ክፍሎቹን በሚለየው ግድግዳ ላይ ክብ መስታወት አስገጥሞ ነበር። ስፋቱ የሻይ ሳህን ያህላል። ተሳፋሪ ተሳፋሪን እንዲጠብቅ ተብሎ ነው። ሰዉ ግን ጠላው። ግማሹ ባርኔጣውን ሰቅሎ ይሸፍነዋል።

በመስታወቱ አጮልቄ አየሁ።

በወዲያኛው ክፍል አንድ ወፍራም ሰውዬ ብቻውን ተቀምጧል። ሪዙ ቀይ ነው። ጭኑ ላይ መሐረብ አንጥፎ ቀዝቃዛ የሥጋ ኬክ ይገምጣል። እሱም ቆልፉልኝ ካሉት አንዱ ነበር። ሲያየኝ አፉን እንደሞላ ሳቀና ባርኔጣውን ብድግ አድርጎ ሰላም አለኝ።

ደስ የሚል ሰው ነበር። ይህን እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ።

ፊሽካው ተነፋ። ባቡሩ ተንቀሳቀሰ።

ተመልሼ ተቀመጥኩ። ዓይኔን ከአንዱ በር ወደ ሌላው እያመላለስኩ ጠበቅሁ።

ገና ከጣቢያው ሳንወጣ... ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ።

በማዶው በር።

በሐዲዱ በኩል።

በሩ ተከፈተና አንዲት ሴት ገባች።

ከእግር እስከ ራሷ ጥቁር ለብሳለች። ሐዘንተኛ ናት። ፊቷ በወፍራም ጥቁር መሸፈኛ ተጋርዷል። በሩን ከኋላዋ ዘጋች፤ ቆለፈችው። ቁልፉን በእጇ እንደያዘች ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

"አትደንግጪ ልጄ። ከመሳፈሪያው ግርግር በዚህ በኩል ይሻለኛል።"

ዓይኔ እጇ ላይ ተተከለ። መደንገጥ ብቻ አይደለም፤ ደስታም ነበር። ቁልፉን አየሁት እኮ! ልክ እንደ ኢኖክ ቁልፍ ነው። ከጠባቂዎች እጅ ውጪ የለም የተባለው ቁልፍ ዓይኔ ሥር ነበር!

"እሜቴ... ያንን ቁልፍ ከየት አገኙት?"

"ይሄን? ኸረ ስንት ዓመት አብሮኝ ኖሯል።"

ድምጿ የጨዋ ሰው ድምፅ ነው። ለስለስ ያለ። ያም ሆኖ አንድ ነገር አላማረኝም።

ውጪ እየዘነበ ነው። እሷ የመጣችው ከውጪ ነው። ትከሻዋ ላይ ግን አንዲት ጠብታ ውሃ የለም። የቀሚሷ ጠርዝ አልራሰም። ጫማዋ ጭቃ አልነካውም።

ቀጥሎ ጓንቷን አየሁ። ዓይኔ ሥራውን አይረሳም፤ ሰው ሳገኝ ከፊቱ በፊት እጁን ነው የማየው። ጥቁር ለስላሳ ቆዳ ነው፤ ስፌቱ ያማረ። ግን...

ጓንት ለሩብ ሰዓት እንኳ ከተደረገ ጣት በሚታጠፍበት ቦታ ላይ መስመር ያወጣል። የማያወጣ ቆዳ የለም። የሷ ጓንት ቁልፉን ጨብጦ ታጥፏል። መስመር የለውም። እጇን ዘረጋች፣ መልሳ አጠፈች... አሁንም የለውም።

"ችሎቱ ሰኞ ነው አይደል?" አለችኝ።

"የምን ችሎት?"

"የኢኖክ።"

ስለ ኢኖክ አንዲት ቃል አልተነፈስኩላትም ነበር።

ምናልባት ጋዜጣ አንብባ ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ስሙ በየጋዜጣው ወጥቷል። የኔን መልክ ግን ከየት አወቀችው?

መጠርጠሩን ጠርጥሬያለሁ። ግን ባሌ ችሎት ሊቀርብ አራት ቀን ቀርቶታል። የሰጠመ ሰው የሚዘረጋለትን እጅ የማን ነው ብሎ አይመረምርም። ከመቀመጫዬ ወርጄ እግሯ ሥር ተንበረከክሁ።

"እሜቴ፣ በእግዚአብሔር ይሁንብዎ። ሰኞ ይቅረቡልኝና ይህን ቁልፍ ለዳኛው ያሳዩልኝ። ሌላ ሰውም ቁልፍ እንዳለው ይወቁ። ባሌ ንጹሕ ነው!"

"ተነሽ ልጄ፣ ተነሽ። ቁልፍ ማሳየት አያድነውም። 'ሚስትየዋ ያስቀረጸችው ነው' ይሉሻል።"

እውነቷን ነው። ልክ እንደዚያ ይሉ ነበር።

"ታዲያ ምንድነው የሚያድነው?"

ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። በሹክሹክታ ነበር የምትናገረው። መሸፈኛው ግን ከአፏ ፊት ውልብ እንኳ አላለም... ትንፋሽ አልነበራትም።

"እሱ ታስሮ ሳለ ነገሩ ቢደገም።"

"ሌላ ሰው ቢሞት ማለትዎ ነው?"

"እኔ ምን አልኩ? ቢደገም ነው ያልኩት። ያኔ በማግስቱ ይፈቱታል። ትፈልጊያለሽ?"

ዓይኔን ወደ መስኮቱ መለስኩ።

"ትፈልጊያለሽ ወይ ዶርካስ?"

"ባሌ እንዲወጣልኝ እፈልጋለሁ።"

"ማንም ይሁን?"

በክቡ መስታወት በኩል ሰውዬው ይታየኛል። ጋዜጣ ዘርግቶ አንድ ነገር እያነበበ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ይስቃል። አየሁት። እያየሁት ነው የመለስኩት።

"ማንም ይሁን። ብቻ ኢኖክ ይውጣልኝ።"

ወሬ መስሎኝ ነው። በምጥ ላይ ያለ ሰው የሚናገረው ዓይነት ከንቱ ወሬ። እምላለሁ ልላችሁ ነበር... ግን አልምልም ብያለሁ።

"ዋሻው ደረሰ፣" አለች። "ስፒልሽን ያዢ።"

ሴቶች ብቻችንን ስንሳፈር ዋሻ ውስጥ ስፒል በከንፈራችን እንነክሳለን። ጨለማውን ተገን አድርጎ ሊስም የሚመጣ ባለጌ ካለ ይወጋዋል። ከባርኔጣዬ ላይ አንድ ስፒል ነቅዬ በከንፈሬ ያዝኩ። እሷ አልያዘችም።

"እርስዎስ?" አልኳት በጥርሴ መካከል።

"እኔን ማን ይስመኛል ልጄ?" ብላ ሳቀች።

ጨለመ።

የቀን ባቡር ፋኖስ አይበራለትም። ብላክሎው ዋሻ ስድስት ደቂቃ ይፈጃል። እጄን ዓይኔ ላይ ባደርገው የማይታይ ጨለማ ነው።

ቀጭ...

የማዶው በር ተከፈተ። ቀዝቃዛ ነፋስና ጭስ ገባ። የመንኮራኩሩ ጩኸት ጆሮዬን አደነቆረኝ። ከዚያ በሩ ተዘጋና ጩኸቱ ራቀ።

ቀጭ...

ይሄኛው የመጣው ከወዲያኛው ክፍል ነው።

ልጮህ ፈለግሁ። ስፒሉ በከንፈሬ መካከል ነው። አፌን ብከፍት የምውጠው መሰለኝ። እጄን አንስቼ ማውጣት ነበረብኝ፤ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ሰበብ ነው ትሉኝ ይሆናል። እኔም ስንቴ ብያለሁ።

ግድግዳው ተመታ። የጫማ ተረከዝ ነው። ዱብ... ዱብ ዱብ ዱብ...

ዱብ።

ከዚያ ዝም አለ።

ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ አላውቅም፣ ጭኔ ላይ ቀዝቃዛ ነገር ተቀመጠ። ቀስ ብሎ፣ እንቅልፍ የወሰደውን ሰው ላለመቀስቀስ እንደሚደረገው።

ብርሃን ሆነ።

ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ሁለቱም በር ተቆልፏል። ቁልፉ ጭኔ ላይ ነው።

ተነስቼ በመስታወቱ አየሁ።

ሰውዬው እዚያው ነው። ፊቱን ወደ መስታወቱ አዙሯል፤ በቀጥታ ያየኛል። እጄን አነሳሁለት። ዓይኑን አላርገበገበም። ክራባቱ ከአንገቱ ሥር እንደ ጫማ ማሰሪያ አምሮ ታስሮ ነበር።

ዉስተር እስክንደርስ ሩብ ሰዓት ያህል እንደተያየን ቆየን።

ጋሽ ጄቤዝ በሩን ሲከፍትልኝ ዘልዬ ወረድኩ።

"ሴትዮዋ የት ወረደች?"

"የቷ ሴትዮ?"

"ጥቁር የለበሰችው! በማዶ በኩል የገባችው!"

"ዶርካስ፣ ቆልፌብሽ የሄድኩት ብቻሽን ነው።"

ከዚያ ቁልፉን አየ።

ወደሚቀጥለው ክፍል ሄዶ ከፈተ፣ ወዲያው መልሶ ዘጋው። ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል። ክንዴን ያዘኝ። ይጨምቀኝ ነበር።

"ስሚኝ። ፖሊስ ከመጥራቴ በፊት ስሚኝ። የሱ ክፍል ተቆልፏል። ያንቺም ተቆልፏል። ቁልፍ ይዘሻል። ባልሽ እስር ቤት ነው። ሌላ ሰው ቢሞት የሚጠቀመው ማን ነው?"

"እኔ አልገደልኩም!"

"አልጠየቅሁሽም።"

"ጋሽ ጄቤዝ፣ በናትህ..."

"አልጠየቅሁሽም አልኩሽ እኮ! አብሮሽ የነበረ ሰው የለም። ያየሽው የለም። የሰማሽው የለም። ሴትዮ ምናምን ካልሽ ግን ሴትዮዋን አምጪ ይሉሻል።"

ቁልፉን በመሐረቡ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው። ማታ ሰቨርን ወንዝ ውስጥ እንደጣለው ነገረኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም ሲለኝ ዓይኔን አያየኝም።

ቅዳሜ መርማሪው ፊት ቀረብኩ። እጄን መጽሐፍ ቅዱሱ ላይ ጫንኩ።

"እመቤት ፔሎው፣ በክፍሉ ውስጥ አብሮሽ ሰው ነበር?"

"ማንም አልነበረም።"

ማክሰኞ ኢኖክን ፈቱት። ሴትዮዋ እንዳለችው በማግስቱ ባይሆንም ፈቱት። ሁለቱ ሰዎች የሞቱት በአንድ ዓይነት አስተሳሰር ነው፤ ኢኖክ ደግሞ በሁለተኛው ቀን በአራት ግድግዳ መካከል ነበር። ያን የሚያህል ሰውዬ የአንዲት ጓንት ሰፊ እጅ ያንቀዋል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ከጋሽ ጄቤዝ በቀር።

በኋላ ደግሞ... ከኢኖክ በቀር።

ቤቴ ሲገባ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ። እሱም አቀፈኝ። ግን ሲያቅፈኝ ልቡ ሲመታ ይሰማኝ ነበር፤ የደስታ አመታት አልነበረም።

ምሽት ምሽት እኔ ስሰፋ ፊት ለፊቴ ይቀመጣል። ፊቴን አያይም። እጄን ነው የሚያየው።

"ጣትሽ ጠንካራ ነው፣" አለኝ አንድ ቀን።

"ቆዳ የምሰፋ ሰው ምን እንዲሆን ፈለግህ?"

"ምንም። እንዲያው ነው።"

ሌላ ቀን ምግብ ላይ ሳለን ሹካውን አስቀመጠ።

"ዶርካስ... ያን ቀን በእውነት አብሮሽ ማንም አልነበረም?"

ልነግረው ነበር። ሁሉን ነገር አፌ ላይ አድርሼ ነበር። ግን የሴትዮዋን ነገር ብነግረው ያልኳትን መንገር አለብኝ። ማንም ይሁን ማለቴን። ያን የሥጋ ኬክ የሚበላ ሰው እያየሁ ማለቴን። ሰውዬው ሦስት ልጆች እንደነበሩት ያኔ ሰምቼ ነበር። እና ኢኖክ ከዚያ በኋላ እንዴት አድርጎ ያየኛል?

"ማንም፣" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀና ሹካውን አነሳ። እኔ ሳልቀምስ ግን አልጎረሰም።

የገዛ ባሌ እንደሚፈራኝ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ያምሻል ወይ ትሉኝ ይሆናል። ያመኛል። ዛሬም ያመኛል።

የካቲት ላይ ወደ ሥራው መለሱት። ወደ ዘጠኝ ከሃያው ባቡር።

አሥራ ሁለት ቀን ሠራ። በአሥራ ሦስተኛው ቀን፣ ምሳውን በልቶ ኮቱን እየቆለፈ ሳለ እንደ ዘበት አነሳው።

"አንዲት ሴትዮ አለች።"

"የት?"

"ባቡሩ ላይ። ሐዘንተኛ ናት መሰለኝ፣ ጥቁር ነው የምትለብሰው። አንቺ፣ ሁልጊዜ በማዶ በኩል ነው የምትሳፈረው። አንድ ቀን ይቆጧታል ብዬ ስነግራት ሳቀች። ጨዋ ሴት ናት። ፉርጎዬ ድረስ እየመጣች ታጫውተኛለች።"

እጄ ላይ የነበረው መቀስ ወደቀ።

"ምን... ምን ትልሃለች?"

"ስላንቺ ነው የምትጠይቀኝ። ትናንት ምን አለች መሰለሽ? 'ማንም ይሁን ያለችው ሚስትህ ደህና ናት?' አለችኝ። ምን ማለቷ ነው?"

ቀና ብሎ አየኝ። ከእስር ከወጣ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየኝ። ሊያምነኝ ፈልጎ ነበር። እውነቱን ነግሬው እንዲያምነኝ... ይለምነኝ ነበር፣ በዓይኑ።

"ታውቂያታለሽ ዶርካስ?"

"አላውቃትም፣" አልኩት።

ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ።

ለምን እንዲያ እንዳልኩ እስካሁን አላውቅም። ውሸቱ ለምዶኝ ቀድሞኝ ወጣ። እዚያው ወንበሬ ላይ ደርቄ ቀረሁ። መቀሱን ከመሬት ሳነሳ ብቻ ነው የነቃሁት። ሻርፕ ሳልደርብ በሩጫ ወጣሁ።

ጣቢያው ስደርስ ባቡሩ ተንቀሳቅሷል። ኢኖክ ከመጨረሻዋ ፉርጎ መስኮት ብቅ ብሎ ባንዲራውን ያውለበልባል።

"ኢኖክ! ውረድ! አውቃታለሁ! አውቃታለሁ!"

ጭሱና ፉጨቱ ድምፄን ዋጠው። ልሰናበተው የመጣሁ መስሎት ሳቀልኝ። እጁን አወዛወዘልኝ። ከዚያ አንድ ሰው ከውስጥ እንደጠራው ሁሉ ፊቱን ወደ ኋላ መለሰ።

የጣቢያውን ሹም እግር ይዤ ባቡሩን አስቁምልኝ አልኩት። እብድ ናት ብለው ያዙኝ። ጋሽ ጄቤዝ ነው ያስለቀቀኝ። ወደ ዉስተር ቴሌግራም አስመታልኝ።

መልሱ ከአንድ ሰዓት በኋላ መጣ። ባቡሩ በሰዓቱ ደርሷል። የጠባቂው ፉርጎ ከውጪ ተቆልፏል። አንኳኩተው መልስ አጡ። በመስኮት ሲያዩ ጠባቂው የለም።

እኔና ጋሽ ጄቤዝ በሚቀጥለው ባቡር ሄድን። ዉስተር ስንደርስ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። ፖሊሱ እኛ እስክንመጣ ፉርጎዋን አላስከፈተም። በጋሽ ጄቤዝ ቁልፍ ተከፈተች።

ባንዲራው ተጠቅልሎ በቦታው ተሰቅሏል። የኢኖክ ኮት ማንጠልጠያው ላይ ነው። ሣጥኑ ላይ ሁለት ስኒ ሻይ አለ። አንደኛው የራሱ የቆርቆሮ ኩባያ ነው። ሌላው ቀጭን፣ የወርቅ ጠርዝ ያለው የሸክላ ስኒ ነው።

ባቡሩ ከቆመ ሁለት ሰዓት ሊሞላው ነው። ሻዮቹ ይጨሱ ነበር።

"የማን ስኒ ነው?" አለ ፖሊሱ በሹክሹክታ።

እሱና ጋሽ ጄቤዝ ስኒው ላይ ጎንበስ ብለዋል። እኔ ብቻ ነኝ አግዳሚውን ያየሁት።

ቆዳ የለበሰ አሮጌ አግዳሚ ነው። ቆዳው ላይ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የተቀመጠበት ጉድጓድ ይታያል።

ከሁለቱ አንዱ፣ በሩ ጋ ያለው... ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ ሞላ። የተቀመጠ ሰው ሲነሳ እንደሚሆነው። የቀሚስ ኮሽታ በአጠገቤ አልፎ ወደ ሐዲዱ ወጣ።

ሌላኛው ጉድጓድ አልሞላም። እጄን ዘረጋሁና ከላዩ አደረግሁ።

ሙቀት ነበረው። ከእጄ ሥር ደግሞ... እጄን እንደሚፈራ ሰው አንድ ነገር ሸሸኝ።